ስላይዱ ከመከፈቱ በፊት፦ የአንደኛ ዓመት የጤና ተማሪዎችን እያሳተፉ የማስተማር ዝርዝር መመሪያ

ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ገና አልለቀቀም። ተማሪዎቹ ጃኬት ደርበው፣ እጃቸውን ኪስ ከተው ተቀምጠዋል። ያን ቀን ስለ ልብ ላስተምር 52 ስላይድ ይዤ ገባሁ። ሁሉንም ጨረስኩት። "ግልጽ ነው?" ስል "ግልጽ ነው ቲቸር!" አሉኝ በአንድ ድምፅ።

በሳምንቱ ላብራቶሪ ውስጥ የፕላስቲክ ልብ ይዤ አንዷን ጠራኋት። "ደሙ እዚህ ገብቷል። ከዚህ ወዴት ይሄዳል?" አልኳት። የአራቱን የልብ ክፍሎች ስም በእንግሊዝኛ እንደ ውዳሴ ማርያም አነበነበችው። መንገዱን ግን አታውቀውም። ጎበዝ ልጅ ናት። ጥፋቱ የኔ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት እኔ አወራሁ፤ እሷ እንድትሠራው የሰጠኋት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ማስተማሬን ቀየርኩ። ይህ መመሪያ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በኮሌጅም ሆነ በዩኒቨርሲቲ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ ወይም መሠረታዊ ነርሲንግ ማስተማር ለጀመሩ መምህራን ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ተማሪው መልሱን ከመስማቱ በፊት ይገምት፣ ይናገር፣ ይንካ። የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ሥራ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር፤ ሁሉም በሳይንስ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ የዩኒቨርሲቲ ኮርሶች ላይ የተሠሩ ናቸው። ገለጻ ብቻ በሚሰጥበት ክፍል ያለ ተማሪ የመውደቅ ዕድሉ ተሳትፎ ካለበት ክፍል 1.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

1. ከምዕራፉ አንድ ጥያቄ አውጡ

ዝግጅታችሁን ከስላይድ አትጀምሩ። ከጥያቄ ጀምሩ። ጥሩ ጥያቄ ሸምድዶ የማይመለስ ነው። የተሳሳቱት ምርጫዎችም ለተማሪው እውነት የሚመስሉ መሆን አለባቸው። ከሁሉም በላይ ተማሪው በዓይኑ ያየውን ነገር ቢነካ ይመረጣል።

እኔ የመተንፈሻ አካላትን ስጀምር የማቀርበው ይህን ነው።

አንድ ሰው ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ፣ በደብረ ሲና አድርጎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን ገባ። ከመኪና ወርዶ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ አጠረው። ለምን?

ሀ. ደጋው አየር ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ ከ21 በመቶ ስለሚያንስ።
ለ. ድርሻው ያው 21 በመቶ ሆኖ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ።
ሐ. ብርዱ ሳንባን ስለሚያጠብበው።
መ. ደጋ ሲወጣ ወዲያው ደም ስለሚወፍር።

ብዙው ተማሪ "ሀ"ን ይመርጣል። መልሱ "ለ" ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ። ሁለቱም ጋ አየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የአየር ግፊቱ ግን ባሕር ጠለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከሆነ፣ ሸዋ ሮቢት 650 ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 540 ገደማ ይሆናል። 21 በመቶውን ራሳቸው ያስሉት። ባሕር ጠለል ላይ ወደ 160፣ እኛ ጋ ወደ 113 ይመጣል። ሳንባ ውስጥ ኦክስጅንን ወደ ደም የሚገፋው ይኸው ግፊት ነው።

ሲከብዳቸው እህል አመጣለሁ። ስንዴና ባቄላ የተቀላቀለበት ጆንያ አስቡ፤ ከመቶው ፍሬ 21ዱ ባቄላ ነው። በትልቅ እጅ ስትዘግኑም በሕፃን እጅ ስትዘግኑም የባቄላው ድርሻ አይለወጥም። በሕፃን እጅ ግን የሚደርሳችሁ የባቄላ ቁጥር ያንሳል፤ የደጋው አየርም እንዲሁ ነው። ይህችን የሰማ ተማሪ በፈተና ቀን አይረሳትም።

ጥያቄው በዚያ አያበቃም። "እናታችሁ ባቄላ ንፍሮ ስትቀቅል ሸዋ ሮቢት ይፈጥናል ወይስ እዚህ?" በሏቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ግፊቱ ስላነሰ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪን ትንሽ አልፎ ነው፤ ንፍሮውም ይዘገያል። "እንግዲያው መቀስና ፒንሳ በፈላ ውሃ ቀቅለን ከጀርም ማጽዳት እንችላለን?" ከዚያ ኦቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) ለምን እንደተሠራ ራሳቸው ይደርሱበታል። እንፋሎቱን አፍኖ፣ ግፊቱን ጨምሮ 121 ዲግሪ የሚያደርሰው ለዚህ ነው። አንድ ጥያቄ ሁለት ኮርስ አገናኘ ማለት ነው።

2. ጥያቄውን በደቂቃ ከፋፍላችሁ አካሂዱት

ይህ ዘዴ ሃርቫርድ ፊዚክስ ያስተምር የነበረው ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስፋፋው ነው። ምንም መሣሪያ አይፈልግም።

መጀመሪያ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፉና ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። እያንዳንዱ ብቻውን ያስብ፤ ደብተሩ ላይ ፊደሉን ይጻፍ። መጻፉ ግድ ነው። ያልጻፈ ሰው በኋላ "እኔም ይሄንኑ ብዬ ነበር" ይላል።

ቀጥሎ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብላችሁ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣት ያሳይ። ለ"ሀ" አንድ ጣት፣ ለ"ለ" ሁለት፣ እንዲህ እያለ። ጣቱ ደረት ላይ ተጠግቶ ይሁን እንጂ ወደ ላይ አይነሣ። ልጆቻችን ያደጉት በይሉኝታ ነው። መሳሳት ያሳፍራል፤ ከሁሉ በላይ ከሚያስፈራው ነገር አንዱ ጓደኛ ሲስቅ ነው። ደረት ላይ ያለን ጣት የምታዩት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ቁጥሩን በዓይናችሁ ገምቱ። ከመቶ ተማሪ ከ30 እስከ 70 የሚሆነው ትክክል ከሆነ መልሱን አትናገሩ። "ከእናንተ የተለየ መልስ ያለው ጎረቤት ፈልጉና አሳምኑት" በሏቸው። አራት ደቂቃ ስጡ። ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ። እናንተ በወንበሮቹ መሀል ሂዱና ስሙ። ያኔ ስለ ተማሪዎቻችሁ የምታውቁት በአንድ ሴሚስተር የፈተና ወረቀት ከምታገኙት ይበልጣል። ከ30 በታች ከሆነ ግን መሠረቱ ስለሌለ መጀመሪያ አጠር አድርጋችሁ አስረዱ። ከ70 በላይ ከሆነ ብዙ አትቆዩበት።

ከውይይቱ በኋላ ጣት እንደገና ይታይ። ከዚያ ጥንዶችን ጠይቁ፦ "እናንተ ሁለታችሁ ምን ተባባላችሁ?" አንድን ልጅ ነጥሎ ማስነሣት እንደ ቅጣት ይታያል። ጥንድ ሲጠየቅ ግን ስሕተቱም የጋራ ይሆናል። ከጠየቃችሁ በኋላ ታገሱ። መምህር አብዛኛውን ጊዜ ጠይቆ አንድ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ራሱ ይመልሳል። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ያ ዝምታ በጣም ይረዝምባችኋል፤ ቻሉት።

የሳቀ ካለ በመጀመሪያው ቀን አስቁሙት። ይህን የሚተካ ዘዴ አላውቅም።

3. ቋንቋውን አትፍሩት

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም እንዲሁ። ውይይቱ ግን በእንግሊዝኛ ካልሆነ ብላችሁ አትድረቁ። ልጆቹ በሚቀላቸው ቋንቋ ይከራከሩ፤ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ። መደምደሚያውን በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርገው ይጻፉ። ሐሳቡን ሳይዝ ቃሉን ብቻ የያዘ ተማሪ ነው የሚሸመድደው።

አማርኛው ራሱ የሚያስተምርበት ቦታም አለ። ብዙ ተማሪ አርተሪ ማለት "ንጹሕ ደም የሚሸከም" ነው ብሎ ይመጣል። ከዚያ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው አርተሪ ኦክስጅን ያነሰው ደም መያዙን ሲሰማ ግራ ይጋባል። የአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍት አርተሪን ደም ቅዳ፣ ቬይንን ደም መልስ ይሏቸዋል። ደም ቅዳ ከልብ ቀድቶ ይወስዳል፤ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። ስለ ንጽሕና የሚናገር ነገር የለም፤ አቅጣጫውን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ "አሃ!" የሚል ድምፅ ሰምቼ አውቃለሁ።

4. የበግ ልብ በእጃቸው ይግባ

በግ ያልሞላበት የሰሜን ሸዋ ገበያ የለም። የበግ ልብ ከሰው ልብ ጋር አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ አራት ክፍል፣ አራት በር (ቫልቭ)። ሞዴሉ ጥሩ ነው፤ እንደ እውነተኛው ግን አይሆንም።

ከአንድ ቀን በፊት ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ተነጋገሩ። ዋናው ነገር ልቡን እንዳይሰነጥቁት፣ ከላይ ያሉትንም ቧንቧዎች አጭር አድርገው እንዳይቆርጧቸው መንገር ነው። ብዙ ጊዜ ልብ ተሰንጥቆ ነው የሚሰጠው፤ እሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በተመረመረ ከብት ብቻ ሥሩ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55ቱን ቀን ሥጋ ቤት ማግኘት ስለሚቸግር የኮርሱን ፕሮግራም ስታወጡ ይህን አስቡ። መንካት የማይፈልግ ተማሪ ካለ አታስገድዱት። መዝጋቢ ይሁን፤ የሚያየውን ይሣል።

ለስድስት ተማሪ አንድ ልብ ይበቃል። ጓንት፣ ትሪ፣ አዲስ ምላጭ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ አንድ ጆግ ውሃ አዘጋጁ። አሁን ቀስ በሉ፤ ምላጩ ገና ነው።

መጀመሪያ ልቡን በሁለት እጅ ይያዙት። ግራና ቀኙን ይጫኑ። አንዱ ጎን ይልማል፤ ሌላው ጠንከር ይላል። "የትኛው ነው ደምን እስከ እግር ጣት የሚገፋው?" በሏቸው። መልሱን አትስጡ። ይጻፉት።

ቀጥሎ ዋናውን ደም ቅዳ፣ አዎርታን ይፈልጉ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ጣት ሲገባበት ክብነቱን አይለቅም። ልቡን ቀጥ አድርገው ይያዙና በአዎርታው በኩል ውሃ ያፍስሱ። ውሃው ወደ ልቡ አይወርድም፤ ሦስቱ የበሩ ቅጠሎች ተገጣጥመው ይይዙታል። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያያል። ትንሽ ቆይቶ ግን ውሃው ቀስ እያለ ይጎድላል። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ በሩ ተበላሽቷል እንዴ? ውሃው የት እየሄደ ነው?" አለኝ። "ፈልገው" አልኩት። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከበሩ ቅጠሎች በላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አገኘ። እርሳስ ሊያስገባባቸው ሞከረ፤ ጠበቡት።  ልብ ራሱን የሚመግብባቸው የኮሮናሪ ደም ቅዳዎች አፍ ናቸው። ይህን ልጅ ስለ ልብ ድካምና ስለ ኮሮናሪ መዘጋት ሳስተምረው እንደገና ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ከዚህ በኋላ ምላጩ ይምጣ። ሁለቱን የታች ክፍሎች ከፍተው ግድግዳቸውን በማስመሪያ ይለኩ። የግራው ከቀኙ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይወፍራል። መጀመሪያ የጻፉትን ግምት አውጥተው ያስተያዩ። በሮቹን ከጡንቻው ጋር ያሰሩትን ነጫጭ ክሮች በጣት ይሳቡ፤ ጥንካሬያቸው ያስገርማቸዋል።

ሲጨርሱ ጠረጴዛና ዕቃ በበረኪና ውሃ ይታጠብ፤ እጅ በሳሙና። ትርፉን ደጅ አትጣሉት፣ ለውሻም አትስጡ። የበግ ሆድ ዕቃ ለውሻ ሲሰጥ የሃይዳቲድ ትል ወደ ውሻው ይገባል። ከውሻው ደግሞ ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ሕፃናት ይተላለፋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚያበቅለው እሱ ነው። ስለዚህ ጽዳቱ ራሱ ትምህርት ነው፤ ጉድጓድ ቆፍረው ሲቀብሩት ለምን እንደሆነ ይናገሩ።

5. በማግስቱ ባዶ ወረቀት

አዲስ ምዕራፍ ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡ። ደብተር ይዘጋ። በባዶ ወረቀት ላይ ባለፈው የተማሩትን ይጻፉ ወይም ይሣሉ። ከዚያ ደብተር ከፍተው የረሱትን በሌላ ቀለም ይሙሉ። ማርክ የለውም፤ ወረቀቱን አትሰብስቡ። ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ከጭንቅላት ለማውጣት መታገል ነው ትምህርቱን የሚያስቀምጠው። ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሃንድአውት ሲቸክሉ ለሚያድሩ ልጆች ይህን ማሳየት ትልቅ ውለታ ነው።

6. የሕመምተኛውን ቃል ከቤት ያምጡ

ይህን ክፍል እወደዋለሁ።

ተማሪው ለበዓል ወደ መንዝ፣ ወደ መርሐ ቤቴ ወይም ወደ ምንጃር ሲሄድ የቤት ሥራ ስጡት። ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ቁጭ ይበልና ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ "ኩላሊቴን አመመኝ ሲሉ የት ጋ ነው?"፣ "ልቤን አቃጠለኝ ማለት ምን ማለት ነው?"፣ "ደም ብዛትና ደም ማነስ ምን ይለያያቸዋል?" ስም አይመዘገብም። ፈቃድ ይጠየቃል።

አንዷ ከአያቷ ጋር የተነጋገረችውን ለክፍሉ አነበበችልን።

"እማማ፣ ኩላሊቴን ሲሉ የት ጋ ነው የሚያምዎት?"
"እዚህ ጋ ነው ልጄ፣ ወገቤ ላይ። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ይብሳል።"

አያትየው የጠቆሙት ከወገብ ዝቅ ብሎ ነው። ኩላሊት ግን ከዚያ ከፍ ብሎ በመጨረሻዎቹ ጎድኖች ሥር ነው ያለው። ተማሪዋ ይህን ሰሌዳ ላይ ሥላ አሳየች። አናቶሚና የሕመም ታሪክ መጠየቅ በአንድ ጊዜ ገባቸው። "ልቤን አቃጠለኝ" ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨጓራ ሆኖ ይገኛል። ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ በዚሁ ቃል የመጣ ሰው እውነተኛ የልብ ሕመም ሊኖረው ይችላል። ይህን አጥብቃችሁ ንገሯቸው።

"ደም ብዛት" ከሁሉም ይከፋል። ቃሉ ደሙ የበዛ ያስመስለዋል። "ደም ማነስ"ም ተቃራኒው ይመስላል። ስለዚህ ደም ግፊት ያለበት ሰው ደም ማነስ ሊይዘው አይችልም የሚል ተማሪ ታገኛላችሁ። አንዱ የግፊት፣ ሌላው ደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። የኩላሊት ሕመም የቆየበት ሰው ጥሩ ምሳሌ ነው። በደረጃ 2 እንዳየነው ጥያቄ አድርጋችሁ አቅርቡት።

7. ጤና ጣቢያ ሲሄዱ አንድ ሥራ ብቻ

ተማሪን ቶሎ ወደ ማኅበረሰቡ ማውጣት ለኛ አገር አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በገጠር ያሠለጥን ነበር፤ ጅማም በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ይታወቃል። አንደኛ ዓመቶችን ስትወስዱ ግን አታብዙባቸው። አምስት አምስት ሆነው ይግቡ። ሥራቸው አንድ ይሁን፤ ለምሳሌ ባለሙያው ሕመምተኛውን እንዴት እንደሚቀበል ማየት። ሰላም አለ? ስሙን ጠየቀ? እጁን የታጠበው መቼ ነው? ሲወጡ ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ አሥር ደቂቃ ተወያዩ። ያለዚህ አሥር ደቂቃ ጉብኝቱ ሽርሽር ሆኖ ይቀራል። ያዩትን ጉድለት ከዚያ ውጭ እንዳያወሩም አስጠንቅቋቸው።

8. ፈተናውን ቀይሩ

ክፍል ውስጥ እያሳተፋችሁ ፈተናው "ዘርዝሩ" ብቻ ከሆነ ተማሪው ወደ ሽምደዳው ይመለሳል። አይፈረድበትም። ቢያንስ ከአምስቱ ጥያቄ ሁለቱ አዲስ ሁኔታ ይዘው ይምጡ። ለምሳሌ፦ "ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ በብርዳማ ጠዋት የአንድን ጤነኛ ተማሪ 82 አነበበ። ልጁ ይስቃል፣ ይጫወታል። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" እጁ ሲቀዘቅዝ ወደ ጣቱ የሚደርሰው ደም እንደሚያንስ ያወቀ ተማሪ "እጁን አሙቄ እንደገና እለካለሁ" ይላል። ይህን ከሃንድአውት አያገኘውም፤ ላብራቶሪ ውስጥ የራሱ ጣት ቀዝቅዞ ካየ ግን ያውቀዋል።

ለመጀመር

ሁሉንም በአንድ ሴሚስተር አትሞክሩት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። 20 ደቂቃ ያዙለት። በዚያ ምክንያት የሚቀሩትን ስላይዶች ለንባብ ስጡ። በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ወረቀቱን ጨምሩ። የበጉን ልብ ወር ሲሞላ አድርጉት፤ ያኔ ተማሪዎቹ እርስ በርስ መነጋገር ለምደዋል። ከየክፍለ ጊዜው በኋላ ደብተራችሁ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ስንት ጣት ትክክል ነበር፣ በውይይቱ ላይ የሰማችሁት ትልቁ ስሕተት ምን ነበር። ያ ስሕተት የሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄ "ሀ" ምርጫ ይሆናል።